ለጦርነት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለኮንግረስ አባላችሁ እንዴት ትደውላላችሁ?

ኤፕሪል 28 ቀን 2025 ነው። አሜሪካ የመንን በምትደበድብበት ሰሞን፣ ሰአዳ ውስጥ አፍሪካውያን ስደተኞች የታሰሩበት ማቆያ በአየር ጥቃት ተመታ። የሁቲ ባለሥልጣናት 68 ሰው ሞተ አሉ። አብዛኞቹ የኛው ልጆች ነበሩ፤ ሳዑዲ ገብተው ሠርተው ቤተሰብ ሊያግዙ ባሕር የተሻገሩ። ያን ዘመቻ ኮንግረስ ተወያይቶ ድምፅ ሰጥቶ አልፈቀደውም። ብዙዎቻችን ምስሉን ፌስቡክ ላይ አይተን አለቀስን፣ "ነፍስ ይማር" ብለን ጻፍን። ለኮንግረስ አባሉ የደወለ ግን ጥቂት ነው፤ አንዳንዱ መደወል እንደሚቻል ስለማያውቅ፣ አንዳንዱ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ ማን ይሰማኛል ብሎ።

ይሰማሉ። ይህ ጽሑፍ አሜሪካ ለምትኖሩ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ሲያትል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 1 ክፍል 8 መሠረት ጦርነት የማወጅ ሥልጣን የኮንግረስ ነው። ኮንግረስ ለመጨረሻ ጊዜ ጦርነት ያወጀው በ1942 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ ወይ በ"ፈቃድ" ወይ ያለ ፈቃድ የተካሄዱ ናቸው። ስለዚህ ሥልጣኑ ያለው የናንተ ወኪል እጅ ላይ ነው፤ ሥራችሁ እንዲጠቀምበት መወትወት ነው።

1. መጀመሪያ የናንተ ወኪል ማን እንደሆነ እወቁ

ሦስት ሰው አላችሁ። አንድ የተወካዮች ምክር ቤት (ሀውስ) አባልና ሁለት ሴናተሮች። ሀውስ ውስጥ ድምፅ ያላቸው አባላት 435 ናቸው፣ እያንዳንዱ በአማካይ ወደ 760 ሺህ ሰው ይወክላል። የምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ፣ ሀውስ ዶት ጎቭ፣ ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡ፤ ዚፕ ኮዱ ለሁለት ዲስትሪክት የተከፈለ ከሆነ ሙሉ አድራሻ ይጠይቃችኋል። ሴናተሮቹ ደግሞ በስቴት ናቸው። ሦስቱንም ስልክ ላይ ሴቭ አድርጓቸው፣ የዋሽንግተኑንም የአካባቢያችሁንም ቢሮ ቁጥር።

ቁጥር ፍለጋ ከሰለቻችሁ የካፒቶል ማዞሪያ አለ፦ 202-224-3121። ደውላችሁ የሴናተሩን ወይም የኮንግረስ አባሉን ስም ብትሉ ያገናኙዋችኋል።

ዲሲ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ ግን ችግር አለባችሁ፣ ይሄ ሁሌም ያናድደኛል። ዲሲ ሴናተር የላትም። ሀውስ ውስጥ ያለችው ደሌጌት (ሙሉ ድምፅ የሌላት ተወካይ) ኮሚቴ ውስጥ ድምፅ አላት፣ ሙሉ ጉባኤው የመጨረሻውን ድምፅ ሲሰጥ ግን የላትም። ያን ያህል ሐበሻ ይዛ ድምፅ የሌላት ከተማ። ምን ይሻላል? ለደሌጌቷ ቢሮ ደውሉ፣ ከዚያ ግን ዋና ጉልበታችሁን ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ዘመዶቻችሁን በማስደወል ላይ አውሉት። አሌክሳንድሪያ ያለች እህትህ ሁለት ሴናተርና አንድ የሀውስ አባል አላት።

የሌላ ስቴት ሴናተር ጋ መደወል ግን ጊዜ ማባከን ነው። ዚፕ ኮድ ሲጠይቁ የእነሱ አካባቢ ካልሆነ ብዙውን ጊዜ አይቆጥሩትም።

ሲትዝን ያልሆናችሁስ? ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ጥበቃ) ላይ ያላችሁ፣ ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ያለ? ወኪሉ በዲስትሪክቱ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ነው የሚወክለው። ሲደወል ወረቀት አይጠየቅም። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሲትዝን ሳትሆኑ "ሲትዝን ነኝ" ወይም "መራጭ ነኝ" አትበሉ። ኢሚግሬሽን ላይ ከባድ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። "ነዋሪ ነኝ፣ ዚፕ ኮዴ ይሄ ነው" በቂ ነው።

2. ድምፅ የሚሰጥበትን ነገር በቁጥሩ ያዙት፣ "የስ" ይሁን "ኖ" አጣሩ

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እንግሊዝኛው የሚቀናውም ሳይቀር። ጦርነትን መቃወም ሁልጊዜ "ኖ በሉ" ማለት አይደለም።

ሁለት ዓይነት ነገር ይመጣል። አንደኛው ፕሬዚዳንቱ ጦር እንዲያዘምቱ የሚፈቅድ ነው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2001 የጸደቀው እንዲህ ያለ ነበር፤ ሴኔት 98 ለ0፣ ሀውስ 420 ለ1። ያቺ አንድ ድምፅ የካሊፎርኒያዋ ባርባራ ሊ ነበረች። ይህ ፈቃድ አፍጋኒስታን ላይ አላበቃም፣ ከዓመታት በኋላ ሶማሊያ ውስጥ አልሸባብን ለመምታትም እሱ ነው የተጠቀሰው፤ ማለትም ጎረቤታችን ላይ ለሚወርደው ቦምብ የተሰጠው ፈቃድ ስለ ሶማሊያ አንድ ቃል ያልተጻፈበት ወረቀት ነው። የኢራቁ ፈቃድ ደግሞ ኦክቶበር 2002 ላይ በሀውስ 296 ለ133፣ በሴኔት 77 ለ23 አለፈ። እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲመጣ የምትሉት "ኖ" ነው።

ሁለተኛው ያለ ፈቃድ የተጀመረውን የሚያስቆም ነው። መሠረቱ በ1973 ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ኒክሰንን ቪቶ (ሕግ ውድቅ ማድረጊያ) ሽሮ ያጸደቀው የጦርነት ሥልጣን ሕግ ነው። በሕጉ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ጦር ባስገቡ በ48 ሰዓት ውስጥ ለኮንግረስ ማሳወቅ አለባቸው፣ ኮንግረስ ካልፈቀደ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ማቆም፤ ለመውጫ ተጨማሪ 30 ቀን አለ። ሴኔት ውስጥ አንድ ሴናተር ብቻውን እንኳ እንዲህ ያለ የውሳኔ ሐሳብ አቅርቦ፣ ኮሚቴው ቢተኛበት ከ10 ቀን በኋላ ድምፅ እንዲሰጥበት ማስገደድ ይችላል። የቨርጂኒያው ቲም ኬን ይህንን ደጋግሞ አድርጎታል። እንዲህ ያለው ሲመጣ የምትሉት "የስ" ነው።

ከዚያ ደግሞ የአካሄድ ድምፆች አሉ። "ቴብል ይደረግ" የሚለው ላይ "የስ" ማለት ነገሩ ይቀበር ማለት ነው። "ከኮሚቴ ይውጣ" የሚለው ላይ "የስ" ማለት ይታይ ማለት ነው። ጁን 27 ቀን 2025 ኢራንን የሚመለከተው የኬን ሐሳብ 47 ለ53 የወደቀው በዚህ በሁለተኛው ዓይነት ድምፅ ነው።

ስለዚህ ሁልጊዜ ሁለቱንም ተናገሩ። ቁጥሩን ጥሩ፣ ቀጥሎ ደግሞ የምትፈልጉትን ውጤት፦ "ጦርነቱን የሚያስቆመውን ይደግፉ" ወይም "ጦርነቱን የሚፈቅደውን ይቃወሙ"። ያኔ ስልኩን ያነሳው ልጅ ቢደናገር እንኳ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይጽፈዋል። ቁጥሩን ከኮንግረስ ዶት ጎቭ ታገኛላችሁ፤ የሴኔቱ በኤስ፣ የሀውሱ በኤች ይጀምራል።

3. መደወል

ዋናው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

ስልኩን የሚያነሳው ሴናተሩ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርን ወይም ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ነው። ፊቱ ላይ ኮምፒውተር አለ፤ ስም፣ ዚፕ ኮድ፣ ጉዳይ፣ ደጋፊ ወይም ተቃዋሚ ብሎ ይሞላል። ከናንተ ቀጥሎ ሌላ ሰው መስመር ላይ እየጠበቀ ነው። ይህ ሲጠራቀም "በዚህ ጉዳይ ይህን ያህል ሰው ደወለ፣ ይህን ያህሉ ተቃወመ" ተብሎ ወደ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ስለ ጂኦፖለቲካ ሃያ ደቂቃ ብትተነትኑለትም የሚሞላው ያንኑ ሳጥን ነው። የኛ ሰው ከዓድዋ ካልጀመረ ነገር የጀመረ አይመስለውም፤ እዚህ ጋ ግን አሳጥሩ። አንድ ደቂቃ ይበቃል።

የምትሉት ይሄን ነው፣ በእንግሊዝኛ አዘጋጅታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉትና እያነበባችሁ ተናገሩ፦

"ጤና ይስጥልኝ። ስሜ እገሌ ነው፣ እዚህ ከተማ ነው የምኖረው፣ ዚፕ ኮዴ ይሄ ነው። የደወልኩት ሴናተሯ ቁጥሩ እንዲህ የሆነውን፣ ጦርነቱን የሚያስቆመውን የውሳኔ ሐሳብ እንዲደግፉ ለመጠየቅ ነው። ኮንግረስ ያልፈቀደው ጦርነት እንዲቀጥል አልፈልግም። ሴናተሯ አቋማቸውን ገልጸዋል? መልስ በጽሑፍ እፈልጋለሁ፣ አድራሻዬን ልስጥዎት።"

የመጨረሻዎቹን ሁለት ነገሮች አትርሱ። አቋም ስትጠይቁ ልጁ "እስካሁን አልገለጹም" ካለ ጥሩ ዜና ነው፣ ገና አልወሰኑም ማለት ሊሆን ይችላል፤ በማግስቱም ደውሉ፣ ሌሎችም ይደውሉ። መልስ በጽሑፍ ስትጠይቁ ደግሞ ቢሮው ውስጥ አንድ ሰው ተቀምጦ የወኪሉን አቋም በደብዳቤ ማስቀመጥ ይኖርበታል።

አነጋገሬ ያስቅብኛል ብላችሁ አትጨነቁ። እነዚህ ቢሮዎች ቀኑን ሙሉ ከየአገሩ ከመጣ ሰው ጋር ነው የሚያወሩት። እናታችሁ እንግሊዝኛ ካልቻሉ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስፒከር ላይ አድርጉት፣ "ከእናቴ ጋር ነኝ፣ እሳቸውም የዚህ ዲስትሪክት ነዋሪ ናቸው፣ ስማቸው ይሄ ነው፣ እሳቸውም ይህንኑ ይጠይቃሉ" በሉ። ሁለት ሰው ናችሁ፣ ሁለት ሆናችሁ ተመዝገቡ።

ቢሮዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት በዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 9 እስከ ምሽቱ 5 ነው፣ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 እስከ 11 መሆኑ ነው። ሲያትልና ሎስ አንጀለስ ያላችሁ በናንተ ከጠዋቱ 6 ጀምሮ መደወል ትችላላችሁ፣ የሌሊት ሽፍት የምትወጡ ነርሶች ቤት ሳትደርሱ ትጨርሱታላችሁ ማለት ነው። ሌሊት ላይ ብቻ የሚመቻችሁ ከሆነ ቮይስሜይል ተዉ። ያንኑ አጭር መልእክት ተናገሩ፣ ስምና ዚፕ ኮድ ሳይቀር። ጠዋት ቢሮው ያዳምጠዋል። "ቮይስሜይሉ ሞልቷል" ካላችሁ ለአካባቢ ቢሮው ደውሉ፣ የሱ መስመር ብዙ ጊዜ ይቀላል።

አትሳደቡ። ልጁ ጦርነቱን አልጀመረም። ዛቻ የሚመስል ነገር ደግሞ በጭራሽ፣ በቀልድም ቢሆን።

ይህ ሁሉ ለውጥ ያመጣል ወይ ለምትሉ፣ የ2013ቱን የሶሪያ ጉዳይ አስታውሱ። ኦገስት 29 የእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥቱን የዘመቻ ሐሳብ 285 ለ272 ጣለው። በሁለተኛው ቀን ኦባማ የኮንግረስን ፈቃድ እጠይቃለሁ አሉ። አባላቱ ለእረፍት በየዲስትሪክታቸው ነበሩ፣ በየስብሰባው ሰው "አይሆንም" ይላቸው ጀመር፣ የቢሮ ስልኮች ተጨናነቁ፣ ከሁለቱም ፓርቲ ብዙዎቹ የሚደውለው ሰው በአብዛኛው ተቃዋሚ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። የሴኔቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ 10 ለ7 አሳልፎት ነበር። ግን በሁለቱም ምክር ቤት ሙሉ ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጥበት ቀረ፣ ከሩሲያ ጋር የኬሚካል መሣሪያውን የማስወገድ ስምምነት መጣና ዘመቻው ቀረ። ስልኩ ብቻውን አደረገው አልልም። ግን ኮንግረሱ ፈቃዱን ለመስጠት ሲያመነታ ያ ሁሉ ስልክ ጆሮው ላይ ይጮህ ነበር።

4. በጽሑፍ ስትልኩ የራሳችሁን ነገር ጻፉ

ኢሜይል ከድረ ገጻቸው ቅጽ ላይ ይላካል። ሰው ያዘጋጀውን ተመሳሳይ ጽሑፍ ኮፒ ፔስት ማድረግ ከምንም ይሻላል፣ ይቆጠራል። ግን ክብደት ያለው የራሳችሁ ነው። እኛ ደግሞ የምንናገረው አለን። ወንድሙ ሪያድ የሚሠራ፣ እህቷ ቤይሩት ሰው ቤት ያለች፣ በ2024 ሊባኖስ ስትደበደብ ስልክ እየጠበቀ ያደረ ሰው በየቤቱ አለ። ስለ ሰአዳ ጻፉ። "የሞቱት ከመጣሁበት አገር የተነሱ ልጆች ናቸው፣ ቦምቡ ከኔም ግብር ነው የተከፈለው" ብላችሁ ጻፉ። ይህንን የፖሊሲ ባለሙያ ሊጽፍላችሁ አይችልም።

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። መጀመሪያው ላይ ጥያቄው፣ መሃል ላይ ታሪካችሁ፣ መጨረሻ ላይ አድራሻ።

በፖስታ መላክ የምትወዱ ደግሞ ወደ ካፒቶል አትላኩት። በ2001 አንትራክስ በፖስታ ከተላከ ወዲህ ወደዚያ የሚሄድ ደብዳቤ ሌላ ቦታ ተፈትሾ ስለሚገባ ይዘገያል፣ ድምፁ ተሰጥቶ ካበቃ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ለአካባቢ ቢሮው ላኩት ወይም ራሳችሁ አድርሱት።

5. የውጭ ጉዳይ ረዳቱን አግኙ

እያንዳንዱ ቢሮ የውጭ ጉዳይና መከላከያን የሚከታተል ረዳት አለው። ወኪሉ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ምክር የሚጠይቀው እሱን ነው። ስትደውሉ "የውጭ ጉዳይ የያዘው ሰው ማን ይባላል፣ ኢሜይሉን ማግኘት እችላለሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ይሰጧችኋል። ከዚያ የግማሽ ሰዓት ቀጠሮ ጠይቁ፣ በአካል ወይም በዙም።

ከሦስት እስከ አምስት ሰው ሁናችሁ ሂዱ። ሁሉም የዲስትሪክቱ ነዋሪ ይሁን። ማን ምን እንደሚናገር አስቀድማችሁ ተከፋፈሉ፦ አንዱ ጥያቄውን፣ አንዷ ታሪኳን፣ አንዱ ሕጉን። የኢትዮጵያን የውስጥ ፖለቲካ እዚያ ክፍል ውስጥ አታምጡት። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው አብሮ ሲገባ ነው ቁም ነገሩ የሚደመጠው፤ ጦርነት ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን፣ ከ2020 ወዲህ ያየነው ይበቃል። ስትወጡ በዚያው ቀን አመስግናችሁ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ ድገሙት።

እንዲህ ያለ ሥራ ለማኅበረሰባችን አዲስ አይደለም። ኤፕሪል 10 ቀን 2018 ሀውስ ያጸደቀው ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የሚናገረው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128፣ ሐበሻው በየቢሮው በር እየሄደ፣ እየደወለ የታገለለት ነው። ያን ጊዜ ለአገራችን የለመድነውን አሁን ለየመን፣ ለኢራን፣ ለሶማሊያ ሰው እናድርገው።

6. ብቻችሁን አትሁኑ

ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ እድር ስብሰባ ላይ፣ አንድ ሰው ተነስቶ አሥር ደቂቃ ይውሰድ። ወረቀት ይታደል፦ ቁጥሩ፣ የሚባለው ነገር፣ የወኪሉ ስም። ቢሮው ክፍት ከሆነ ሁሉም እዚያው ቆሞ ይደውል፣ ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ቮይስሜይል ይተው። "ሰኞ እደውላለሁ" የሚል ሰው ሰኞ ሥራ ይውላል።

ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሲሆን ምርጫ ውስጥ አትግቡ። "እገሌን ምረጡ፣ እገሌን አትምረጡ" የሚል ነገር ከግብር ነፃ ለሆነ ተቋም ችግር ሊያመጣ ይችላል። ስለ አንድ ድምፅ መነጋገር ግን ሌላ ነው፣ ዋና ሥራቸው እስካልሆነ ድረስ ይፈቀዳል። ጥርጣሬ ካለ ስብሰባውን በግለሰብ ስም፣ ሬስቶራንት ወይም ቤት ውስጥ አድርጉት።

ወኪሉ ታውን ሆል (የሕዝብ ስብሰባ) ሲጠራ ሂዱ፣ በተለይ ኦገስት ላይ። ቀደም ብላችሁ ገብታችሁ ተበታትናችሁ ተቀመጡ፣ ማይኩ የትም ቢሄድ ከናንተ አንዱ ጋ እንዲደርስ። ጥያቄው አጭርና "አዎ" ወይም "አይ" የሚያስመልስ ይሁን፦ "ኮንግረስ ሳይፈቅድ የሚደረግ ጦርነትን ለማስቆም ድምፅ ይሰጣሉ ወይ?" መልሱን በስልካችሁ ቅረጹት።

7. ድምፁ ከተሰጠ በኋላ

ስም በስም ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ በይፋ ይወጣል፤ የሀውሱ የጸሐፊው ቢሮ ድረ ገጽ ላይ፣ የሴኔቱ በሴኔቱ። የወኪላችሁን ስም ፈልጉ። የፈለጋችሁትን ካደረገ ደውላችሁ አመስግኑ፣ ለምስጋና የሚደውል ሰው ጥቂት ስለሆነ ይታወሳል። ካላደረገም ደውሉ፦ "ድምፁን አየሁት፣ ቅር ብሎኛል፣ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይመለስልኝ።"

ብትሸነፉም ቁጥሩን መዝግቡት። ኤፕሪል 2023 ጦር ከሶማሊያ ይውጣ የሚለው ሐሳብ ሀውስ ውስጥ 102 ለ321 ወደቀ፤ አዎ ያሉት 102ቱ ግን ከሁለቱም ፓርቲ ነበሩ፣ ስማቸውም እዚያው አለ፣ ለሚቀጥለው ሰሞን የሚጀመረው ከነሱ ነው። ብታሸንፉም ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ቪቶ ሊያደርጉ ይችላሉ። አሜሪካ የሳዑዲን የየመን ዘመቻ ማገዟን እንድታቆም የሚለው በ2019 ሴኔት ላይ 54 ለ46፣ ሀውስ ላይ 247 ለ175 አለፈ፤ ትራምፕ ኤፕሪል 16 ውድቅ አደረጉት፣ ሴኔት ለመሻር ሲሞክር 53 ለ45 ሆነ፣ ሁለት ሦስተኛ አልሞላም። ግን ያ ግፊት እየበረታ ሳለ፣ ገና በኖቬምበር 2018፣ አሜሪካ ለሳዑዲ መራሹ ጥምረት አውሮፕላኖች አየር ላይ ነዳጅ መሙላቷ ቆሞ ነበር።

ስለዚህ ቪቶ ሲመጣ ሥራው አላለቀም፣ ለመሻሪያው ድምፅ ዳግም ይደወላል። ያኔ ትኩረታችሁ መጀመሪያ "ኖ" ካሉት ውስጥ በጠባብ ልዩነት የተመረጡትና አቋማቸውን ዘግይተው ያሳወቁት ላይ ይሁን፤ በነሱ ስቴት ዘመድ ያላችሁ ዛሬውኑ ቁጥሩንና የሚባለውን ነገር በቴሌግራም ላኩላቸው።